ከርሞ የተፈጨ ጤፍ የማን ፈጠራ ነው?

ከሐይቅ ተነስቶ ወደ አምባሰል የሚወጣ ሰው በኅዳር ወር የጤፉን ማሳ ወርቅ መስሎ ያገኘዋል። ታጭዶ ይከመራል፣ በበሬ ይወቃል፣ ተበራይቶ ጎተራ ይገባል። ጎተራ የገባ ጤፍ በማግስቱ ወፍጮ ቤት አይሄድም፤ ነቀዝም ስለማይደፍረው ወራት ይከርማል። እንዲህ ከርሞ የተፈጨ ጤፍ ነው አውሮፓ ውስጥ «አዲስ ፈጠራ» የተባለው።

የፓተንት ማመልከቻው ሆላንድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2007 ፈቀደ። የይገባኛል ጥያቄው ያረፈው በአንድ ቁጥር ላይ ነበር። 7 ግራም ያህል ዱቄት በ25 ሚሊ ሊትር ውሃ ቱቦ ውስጥ ይበጠበጥና ቱቦው የፈላ ውሃ ውስጥ ይነከራል፤ ከዚያ ማማሰያው በሊጡ ውስጥ እስኪሰምጥ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ይቆጠራል። ስታርቹን የሚሰብረው ኢንዛይም ከበረታ ሊጡ ይቀጥናል፣ ቁጥሩም ይወርዳል። እህሉ ሲከርም ቁጥሩ ይወጣል። ባለፓተንቱ «ሲፈጭ ቁጥሩ 250 እና ከዚያ በላይ የሆነ የጤፍ ዱቄት የኔ ነው» አለ። ይህን ሳነብ ሁሌም የሚታየኝ ጎተራው ነው።

ነገሩን የሚያከፋው፣ ኢትዮጵያ በሯን ከፍታ መስጠቷ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የብዝሀ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩትና የግብርና ምርምር ድርጅት ከፓተንቱ ጀርባ ከነበረው የሆላንድ ኩባንያ ጋር ጥቅም የመጋራት ውል ተፈራርመው ነበር። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2009 ከሰረ። ከውሉ ለአገራችን የደረሳት 4,000 ዩሮ ገደማ ብቻ ሆነ፤ ፓተንቱ ግን ከኪሳራው ተርፎ በሰው እጅ ቆየ።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 21 ቀን 2018 የሔግ ፍርድ ቤት የሆላንዱን ፓተንት ሻረው። አዲስ አበባ ውስጥ ደስታ ሆነ፤ ተገቢም ነበር። ምክንያቱን ግን ልብ ልንለው ይገባል። ፍርዱ የቆመው እህል መክረሙ ቁጥሩን እንደሚያወጣ የዱቄት ባለሙያ ሁሉ ሊደርስበት የሚችል ነገር ነው በሚለው ላይ ነው። ተከራካሪዎቹ የሆላንድ ድርጅቶች ነበሩ፤ ኢትዮጵያ በክርክሩ አልነበረችም።

የአውሮፓ ሕግ በጽሑፍ ብቻ ሳይሆን በቃል ወይም በአሠራር ለሕዝብ የተገለጠን ነገር ሁሉ አዲስ አይለውም። የእናቶቻችን ልማድም በዚሁ ይገባል ማለት ነው። ግን ማስረጃ ይጠይቃል፦ የት፣ መቼ፣ እንዴት ተሠራ? በጽሑፍ የሰፈረ ቃል ምን ያህል እንደሚወስን አምባሰል ከማንም በላይ ታውቃለች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚያው አምባሰል፣ ውጫሌ ላይ ከጣልያን ጋር የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛ «ይችላል» የሚል መንፈስ ሲኖረው በጣልያንኛው ግዴታ ሆኖ ተገኘ፤ መዘዙም እስከ አድዋ ዘለቀ።

ስለዚህ ጤፉ ስንት ወር እንደሚከርም፣ ለምን እንደሚከርም፣ እርሾው እንዴት እንደሚያዝ ከየቀበሌው እየተጠየቀ፣ ከነቀኑና ከነቦታው ይጻፍ። የሚያውቁት እናቶች ዛሬም በሕይወት አሉ።