መንገደኛ የማይቆምባት ኬሮ

ከቺካጎ ተነሥቶ ኢንተርስቴት 57ን ይዞ ወደ ደቡብ የሚነዳ ሰው 600 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ የኢሊኖይ ግዛት ያልቅበታል። ጫፉ ላይ ያለችው ከተማ ኬሮ ናት፤ ሾፌሩ ግን አያያትም። አውራ ጎዳናው ሊደርስባት ጥቂት ሲቀረው ወደ ምዕራብ ይታጠፍና ሚሲሲፒን በድልድይ ተሻግሮ ሚዙሪ ይገባል። ድልድዩ የተከፈተው በ1978 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ስሟ ከግብፅ ዋና ከተማ የተወሰደ ነው፤ ነዋሪው ግን “ኬሮ” ነው የሚላት። ደቡባዊ ኢሊኖይም በአካባቢው ሰው አፍ “ትንሿ ግብፅ” ይባላል። ዓባይ የሌላት ግብፅ መሆኗ ነው። ወንዝ ግን አላጣችም፤ በምሥራቅ ኦሃዮ፣ በምዕራብ ሚሲሲፒ ይዘዋታል፣ ከደቡቧም ይገናኛሉ። ከኦሃዮ ማዶ ኬንታኪ፣ ከሚሲሲፒ ማዶ ሚዙሪ አለ። ኢሊኖይ በሰሜን ግዛትነቱ ቢታወቅም፣ ኬሮ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ የደቡቦች መዲና ከነበረችው ከሪችመንድም ወደ ደቡብ ዝቅ ትላለች።

ከግዛቱ ሁሉ ዝቅተኛው መሬት እዚሁ ነው። በዚህ ምክንያት ከተማዋ ዙሪያዋን በክትርና በግንብ ታጥራለች። በሰሜን በኩል መንገዱ የሚያልፍበት ግዙፍ የብረት በር አለ፤ ወንዙ ሲሞላ ይወርድና መውጫው ይዘጋል። ክፉው ነገር ግን ውሃው የግድ ከክትሩ በላይ መዝለል የለበትም፤ ከሥር ይሾልካል። ከክትሩ ወዲህ፣ ሰው በሚኖርበት በኩል፣ መሬቱ እንደ ሽሮ ድስት ይንተከተክና አሸዋ እየተፋ ጉብታ ይሠራል። የሚወጣው ውሃ ጥርት ያለ ከሆነ እምብዛም አያሰጋም። ደፍርሶ አሸዋ ይዞ ከወጣ ግን የክትሩን ሆድ እየበላው ነው ማለት ነው። ሠራተኞች ያን ጊዜ በአሸዋ ከረጢት ዙሪያውን ይከቡና የተጠራቀመው ውሃ በክብደቱ ግፊቱን እንዲያረግበው ያደርጋሉ። ቀዳዳውን አይደፍኑትም፤ ቢደፍኑት በሌላ በኩል ይፈነዳል።

በ1920 በተደረገው ቆጠራ ኬሮ 15,203 ነዋሪዎች ነበሯት። በ2020 የተገኙት 1,733 ናቸው። ከዘጠኝ ሰው አንዱ ቀረ ማለት ነው። ኬሮ መቀመጫው የሆነችው አሌክሳንደር ካውንቲም ከ2010 እስከ 2020 ባለው ጊዜ ከሕዝቡ ከሦስት እጅ አንዱን በላይ አጥቷል፤ በመቶኛ ሲሰላ በመላው አሜሪካ ከእሱ የባሰ የቀነሰ ካውንቲ አልነበረም።

ይህን ለማስረዳት ብዙውን ጊዜ ሁለት መልስ ይሰጣል። አንዱ “መንገዱ ጥሏት ሄደ” ይላል፤ ሌላው “ዘረኝነት ገደላት”። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ቆጠራውን ከዘመኑ ታሪክ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ ላየ ግን እኩል አይመዝኑም።

ኬሮ ከጅምሩ የኖረችው መንገደኛና ዕቃ እዚያ መቆም ስለነበረባቸው ነው። ዳርየስ ሆልብሩክ የተባለ ነጋዴ በ1830ዎቹ መጨረሻ ታላቅ ከተማ እሠራለሁ ብሎ የለንደን ባለሀብቶችን ገንዘብ ሰብስቦ ከሰረ። በ1842 በዚያ ያለፈው ቻርልስ ዲክንስ ረግረጉንና ወባውን ተጸይፎ ጻፈ፤ በኋላም በልቦለዱ ለሣላት አሳዛኝ ሰፈር መነሻ እንዳደረጋት ይታመናል። በ1850ዎቹ ግን የኢሊኖይ ሴንትራል ባቡር ሐዲድ ደረሰ፤ የሐዲዱ መጨረሻ ኬሮ ሆነች። ባቡር እዚህ ይቆማል፣ ጭነት ይወርዳል፣ ወደ እንፋሎት መርከብ ይወጣል። በእርስ በርስ ጦርነቱ የሰሜኑ ጄኔራል ግራንት በ1861 ጦሩን ያሰፈረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሁለቱን ወንዞች የያዘ የደቡቡን በር ይዟልና። ከባርነት ያመለጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቁሮችም በጦሩ ጥላ ሥር እዚያ ተጠለሉ። ብዙዎቹ በዚያው ቀሩ።

በ1889 በኦሃዮ ላይ የባቡር ድልድይ ተሠራ። ከዚያ በፊት ፉርጎዎች በጀልባ ነበር የሚሻገሩት፤ ከዚያ በኋላ ግን ባቡሩ ሳይቆም ማለፍ ቻለ። ከተማዋ ወዲያው አልወደቀችም፤ እንጨቱና ጥጡ፣ ከዚያም የመኪና መንገዱ ለጥቂት አሥርት ዓመታት ደገፏት። ይሁን እንጂ መኖሪያዋ የነበረው መቆሚያነቷ መሸርሸር የጀመረው ያኔ ነው።

የመንገዱ ታሪክ ይህ ነው። ሌላው ታሪክ በኅዳር 1909 ምሽት በአደባባይ ታየ። ዊል ጄምስ የተባለ ጥቁር ሰው ነጭ ሴት ገድሏል ተብሎ ተጠርጥሮ ሳለ፣ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከሸሪፉ እጅ ነጥቆ በከተማዋ ዋና የንግድ መንገድ ላይ ገደለው። ያው መንጋ በዚያው ሌሊት ከእስር ቤት አንድ ነጭ እስረኛ አውጥቶ ሰቀለ። ኢሊኖይ በ1905 ባወጣው ሕግ መሠረት እስረኛውን ለመንጋ ያስነጠቀ ሸሪፍ ከሥልጣኑ ይነሣል። ሸሪፉ መልሱኝ ብሎ ሲያመለክት፣ ጋዜጠኛዋ አይዳ ቢ. ዌልስ ወደ ኬሮ ሄዳ ጥቁሮቹን ነዋሪዎች ሰብስባ ፊርማ አስፈረመች፤ በርከት ያሉት መጀመሪያ ላይ ለሸሪፉ ያደሉ ነበሩ። ከዚያም ገዢው ቻርልስ ዲኒን ፊት ቀርባ ተከራከረች። ሸሪፉ አልተመለሰም።

ዌልስ ረታች፤ ከተማዋ ግን አልተለወጠችም። በ1962 የበጋ ወራት የተማሪዎች ንቅናቄ አባላት ለነጮች ብቻ በተከለለው መዋኛ ደጃፍ ተንበርክከው ሲጸልዩ ዳኒ ላየን ፎቶ አነሣቸው። ከተንበረከኩት አንዱ ያኔ የ22 ዓመት ወጣት የነበረው፣ በኋላ የኮንግረስ አባል የሆነው ጆን ሉዊስ ነው። ፎቶው የንቅናቄው ፖስተር ሆኖ አሜሪካን አዳረሰ። መዋኛው “የግል ክበብ ነው” ይባል ነበርና ጥቁር ሕፃናት በሙቀቱ ወራት የሚዋኙት በወንዞቹ ነበር። ኋላ ላይ መዋኛው ተዘጋ፤ ጉድጓዱም በኮንክሪት ተሞላ። ጥቁርና ነጭ ልጅ አብሮ ከሚዋኝበት ማንም ባይዋኝበት ይሻላል ተባለ።

በ1967 በፈቃድ ወደ ከተማዋ የመጣ ሮበርት ሃንት የተባለ የ19 ዓመት ጥቁር ወታደር በፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ተሰቅሎ ተገኘ። ፖሊስ ራሱን አጠፋ አለ፤ ጥቁሩ ነዋሪ አላመነም፤ ሁከት ተነሣ፣ ብሔራዊ ዘብ ገባ። በ1969 በቄስ ቻርልስ ኮኤን የሚመራው ዩናይትድ ፍሮንት የሚባለው ስብስብ ከነጭ ነጋዴዎች አንገዛም የሚል አድማ ጠራ። ጥያቄው የሚያስደንቅ አልነበረም፤ ገንዘባችንን የምንሰጠው ሱቅ ይቅጠረን ነው። አድማው ለዓመታት ቀጠለ፤ ሌሊት ሌሊት ተኩስ ይሰማ ነበር። በርከት ያሉ ነጋዴዎችም ጥቁር ሻጭ ከመቅጠር ሱቃቸውን መዝጋት መረጡ።

የሕዝብ ቆጠራው የሚመሰክረው እዚህ ላይ ነው። ኬሮ በ1950 12,123 ሰው ነበራት፤ በ1970 6,277። በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ያህል ተራቆተች፤ አውራ ጎዳናው ያለፋት ግን ከዚያ 8 ዓመት በኋላ ነው። ድልድይና መንገድ ገቢዋን አሳንሰውባታል። የቀረውን ተካፍሎ ለመኖር እምቢ ያለው ግን ሰው ነው።

የወንዙ ጉዳይ በ2011 እንደገና መጣ። በሚያዝያ መጨረሻና በግንቦት መጀመሪያ ኦሃዮ ኬሮ ላይ ከ18 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ከዚያ በፊት ታይቶ የማያውቅ ደረጃ ደረሰ፤ ከክትሩ ሥር የሚንተከተከው ውሃም በረከተ። ነዋሪው እንዲወጣ ታዘዘ። ከ1927ቱ ታላቅ ጎርፍ በኋላ የወጣ ዕቅድ ነበር፦ ውሃው ሲያይል በሚዙሪ በኩል ያለው ክትር በፈንጂ ይሰበርና ጎርፉ በእርሻው ላይ ይለቀቃል። ሚዙሪ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ከስሳ ተረታች። የግዛቷ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ እርሻው ከሚሰጥም ኬሮ ብትሰጥም እንደሚመርጥ ተናግሮ ኋላ ይቅርታ ጠየቀ። ግንቦት 2 ማታ ክትሩ ፈነዳ፤ 52,000 ሄክታር ያህል በውሃ ተሸፈነ፤ ኬሮ ተረፈች።

በዚያ እርሻ መካከል ፒንሁክ የምትባል መንደር ነበረች። የመሠረቷት በ1940ዎቹ ሌላ ቦታ መሬት የሚሸጥላቸው ያጡ ጥቁር ገበሬዎች ናቸው፤ የተፈቀደላቸው ጎርፍ የሚለቀቅበት መሬት ብቻ ነበር። ከሕዝቧ ከ10 ሰው 7ቱ ገደማ ጥቁር የሆነችውን ኬሮን ለማዳን የተለቀቀው ውሃ የጥቁር ገበሬዎችን መንደር ጠራርጎ ወሰደ። የፒንሁክ ሰዎች አዲስ ቤት እስኪያገኙ ዓመታት ፈጀባቸው።

ጎርፍ ያላስወጣውን የኬሮ ሰው የቤት ጉዳይ አስወጣው። በካውንቲው የቤቶች ባለሥልጣን እጅ የነበሩት ኤልምውድና ማክብራይድ የተባሉት የኪራይ ቤቶች ከቸልታ ብዛት ለመኖሪያ የማይበቁ ሆኑ። የፌዴራሉ መንግሥት በ2016 አስተዳደሩን ተረከበ፤ በ2017 ግን ማደሱ አያዋጣም ብሎ ቤቶቹ እንዲፈርሱ ወሰነ። ወደ 400 የሚጠጉ ሰዎች፣ ግማሽ ያህሉ ልጆች፣ ሌላ ቤት ፈልጉ ተባሉ። በከተማዋ የሚከራይ ቤት ስላልነበረ ብዙዎቹ ከኬሮ መውጣት ነበረባቸው። ተማሪ ሲቀንስ ትምህርት ቤቱ በጀት አጣ። ሆስፒታሉ በ1986 ተዘግቷል። ግሮሰሪም ለዓመታት አልነበረም፤ በ2023 ነዋሪዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር አንድ ከፈቱ፤ ብዙም ሳይቆይ ግን መደርደሪያውን መሙላት አቃተው።

በ2020 የኢሊኖይ መንግሥት ለኬሮ የወንዝ ወደብ 40 ሚሊዮን ዶላር መደበ። ሐሳቡ ያው የድሮው ነው፦ በሁለቱ ወንዞች የሚያልፉት ባርጆች እዚህ ቆመው ጭነታቸውን ወደ ባቡርና ወደ ከባድ መኪና ያዛውሩ። ደጋፊዎቹ ሥራ ይመጣል ይላሉ፤ ወደቡ ሥራ ቢጀምር ሠራተኛው የት ያድራል ለሚለው ግን መልስ ያሻል፤ ኤልምውድና ማክብራይድ በነበሩበት ዛሬ ያለው ባዶ ሜዳ ነው።