የተወለወለ ጫማና እርጥብ አስፋልት

አስኮ ሲባል ጫማ ትዝ የሚለው ሰው ብዙ ነው፤ የጫማ ፋብሪካ ሰፈር ነዋ። ብርሃን እንዴት እንደሚነጥር ለማየትም እዚያው መንገድ ዳር ካለ ሊስትሮ የተሻለ አስተማሪ አይገኝም።

ብርሃን በገባበት አንግል ልክ ይነጥራል። ሕጉ ለመስታወትም ለጭቃም አንድ ነው፤ የሚለያየው ገጹ ነው። ለስላሳ ገጽ ጎን ለጎን የመጡ ጨረሮችን ጎን ለጎን ስለሚመልሳቸው ምስል ይታያል። ሻካራው ላይ እያንዳንዷ ጉብታ በየራሷ አቅጣጫ ስለምትመልሳቸው ይበተናሉ። መበተናቸውም በጀ፤ ግድግዳውን፣ ወረቀቱን፣ የሰውን ፊት ከየትም ሆነን የምናየው በዚሁ ነው።

ለስላሳነት በጣት ተዳስሶ አይታወቅም። የሬይሌ መስፈርት የሚባለው መለኪያ፣ ብርሃን ፊት ለፊት ሲመጣ የገጹ ውጣ ውረድ ከሞገዱ ርዝመት 1/8 ካነሰ ለስላሳ ነው ይላል። የአረንጓዴ ብርሃን ሞገድ 550 ናኖሜትር ገደማ ነውና ድንበሩ 70 ናኖሜትር አካባቢ ይሆናል፤ ከፀጉር ውፍረት አንድ ሺህኛ ገደማ።

ቆዳ ከዚህ በእጅጉ ይሻክራል። ቀዳዳ አለው፣ ጭረት አለው፣ አቧራም አያጣም። ሊስትሮው አቧራውን በቡርሽ አራግፎ ቀለም ይቀባል፤ ቀለሙ ውስጥ ያለው ሰም ጎድጓዳውን ይሞላል፣ ጨርቁ ደግሞ ይደለድለዋል። ሲያበቃ ጥቁሩ ጫማ ጫፉ ላይ ፀሐይ ነጥብ ሆና ትታያለች። እግር በሚታጠፍበት በኩል ግን ቆዳው ስለተሸበሸበ ያችው ፀሐይ ተለጥጣ ትደበዝዛለች። ከሰሙ የሚነጥረው ፊት ለፊት ከመጣው ብርሃን 4 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ጥቁር ቆዳ አብዛኛውን ስለሚውጥ ያቺ ጥቂት ጎልታ ትወጣለች፤ ነጭ ጫማ ላይ ከሥር በሚበተነው ብርሃን ትሸፈናለች። ሱዊድ የሚባለውን ፀጉራም ቆዳ ጫማ ያደረገ ሰው ግን ሊስትሮውን አመስግኖ ቢያልፍ ይሻለዋል፤ ሰም የቆመውን ፀጉር አስተኝቶ ጫማውን ያበላሽበታል።

ብርሃኑ ጋደል ብሎ ሲመጣ ደግሞ ሻካራውም ማብረቅረቅ ይጀምራል። አመሻሽ ላይ ከአስኮ ወደ ቡራዩ የሚነዳ ሾፌር ፀሐይዋን ብቻ ሳይሆን ደረቁን አስፋልትም ይሸሻል። ክረምት ማታ ደግሞ ይብሳል፤ ውሃ የአስፋልቱን ጉድጓድ ሞልቶ ገጹን ለስላሳ ስለሚያደርገው የራሱ መብራት ወደ ፊት ነጥሮ ይሄድበታል፣ መንገዱም ይጠቁርበታል። ከፊት የሚመጣው መኪና መብራት ግን በዚያው ውሃ ላይ ነጥሮ ዓይኑ ውስጥ ይገባል። የመንገዱን ነጭ መስመር ማታ የሚያበሩት በቀለሙ ላይ የሚነሰነሱ ደቃቅ የመስታወት ፍሬዎች ናቸው፤ ውሃ ሲያለብሳቸው ብርሃኑን ወደ ሾፌሩ መመለስ ያቅታቸዋል። መስመሩ በዝናብ የሚጠፋው ለዚህ ነው።