4,294,967,297፦ ብቸኛ የመሰለው ቍጥር

ሒሳብ የሳይንስ ፋኩልቲ ጓደኞቻችን ርስት ነው እየተባለ፥ በአርት ፋኩልቲ ያለነው ስንሸሸው እንኖራለን። ዳሩ ግን ማስረጃ ምን እንደ ሆነ ለመከራከር የሚወድ ሰው የ4,294,967,297ን ታሪክ ቢያውቅ አይከፋም።

የቍጥሩ አወጣጥ ቀላል ነው። ከ2 ተነሥተን እያንዳንዱን ውጤት በራሱ ብናባዛ 2፣ 4፣ 16፣ 256፣ 65,536 እናገኛለን። በየአንዳንዱ ላይ 1 ሲጨመር 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65,537 ይሆናሉ። አምስቱም ብቸኛ ቍጥሮች ናቸው፤ ይኸውም ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍላቸው የለም። ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ (ሰውዬው በሙያው የሕግ ሰው ነበረ) እ.ኤ.አ. በ1640 ይህን ተመልክቶ፥ ተከታዮቹም ሁሉ ብቸኛ እንደሚሆኑ ማመኑን በደብዳቤ ገለጸ። ማረጋገጫ እንዳላገኘለት ግን አልሸሸገም።

ስድስተኛው ቍጥራችን ነው። ነገሩ ዘጠና ዓመት ያህል ሳይፈታ ቆየ። በ1729 ጎልድባኽ የተባለው ሊቅ ስለዚሁ ለሊዮናርድ ኦይለር ጻፈለት፤ ኦይለርም በ1732፥ ገና የ25 ዓመት ወጣት ሳለ፥ በሴንት ፒተርስበርግ ሆኖ መልሱን አወጣ፦

641 × 6,700,417 = 4,294,967,297

ታዲያ 641ን እንዴት አገኘው? ኋላ ራሱ እንዳስረዳው፥ ይህን ቍጥር የሚያካፍል ብቸኛ ቍጥር ሁሉ በ64 ሲካፈል 1 መትረፍ አለበት። እንዲህ ያሉት ብቸኛ ቍጥሮች በተራ 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 ናቸው። አምስት ሙከራ ብቻ! የሚያስገርመው፥ ወደዚህ የሚያደርሰውን ሕግ በዚያው በ1640 የጻፈው ፌርማ ራሱ መሆኑ ነው። መሣሪያው በእጁ ሳለ አምስት ምሳሌ አሳመነው። እኛስ በክርክር መድረካችን በሦስት ምሳሌ ስንቱን ሕግ እናውጃለን?

ማካፈል የሚሰለቸው በዚህ መንገድ ይመልከተው። 640 ከ641 በ1 ስለሚያንስ፥ 640 አራት ጊዜ ተጽፎ ሲባዛ ውጤቱ በ641 ተካፍሎ 1 ይተርፋል። 640 ደግሞ 5 × 128 ስለ ሆነ፥ ያው ውጤት 625 × 268,435,456 ነው። በ625 ፈንታ 641 − 16 ብንጽፍ፥ ውጤቱ የ641 ብዜት ሲቀነስ 4,294,967,296 ይሆናል። እንግዲህ አንዱ ውጤት የ641 ብዜት ሲደመር 1ም፥ የ641 ብዜት ሲቀነስ 4,294,967,296ም ከሆነ፥ 4,294,967,296 + 1 የ641 ብዜት ከመሆን አያመልጥም።

ጋውስ በ1796፥ 19 ዓመት ሳይሞላው፥ ባለ 17 እኩል ጎን ቅርጽ በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ መሣል እንደሚቻል ያሳየው ከእነዚሁ ቍጥሮች አንዱ በሆነው በ17 ብቸኛነት ነው። ከአምስቱ ሌላ ስድስተኛ ብቸኛ ቍጥር በዚህ ሰንሰለት እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ከቶ አለመኖሩንም ያረጋገጠ የለም።