ጭቃ የያዘውን መኪና ማን ያውጣው፦ ክንድ ወይስ ሞተር?

ሐምሌ ላይ ከአያት ወይም ከቦሌ አራብሳ አለፍ ብላችሁ አስፋልቱ ሲያልቅ፣ ጥቁሩ ኮትቻ አፈር መኪናችሁን ቢይዘውስ? ይህ አፈር ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ጎማ ላይም እንደ ሊጥ ይጣበቃል።

እንበልና መኪናውን 5 ሜትር ለመጎተት 12,000 ኒውተን አስፈለገ። ሥራው 60,000 ጁል ነው፤ በክንድም ሆነ በሞተር ያው ነው። ልዩነቱ ጊዜው ላይ ነው። የእጅ ዊንች የያዘ ሰው በ75 ዋት ቢሠራ 13 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል፤ ሰበቃ ሲጨመርበት ደግሞ ይበልጣል። 1,200 ዋት የሚሰጥ የኤሌክትሪክ ዊንች ግን በ50 ሰከንድ ይገላገለዋል።

ታዲያ ሁሌም ኤሌክትሪኩ ይሻላል? ቆይ! ከባድ ሲጎትት ከ12 ቮልት ባትሪ 300 አምፔር ያህል ሊስብ ይችላል፤ የመኪናው ሞተር ጠፍቶ ከሆነ ባትሪው ቶሎ ይደክማል። ብዙ ጊዜም የሚገጠመው ከፊት ስለሆነ የሚጎትታችሁ ወደ ፊት፣ ምናልባትም ወደባሰው ጭቃ ነው። የእጁን ግን ከኋላ አስራችሁ በገባችሁበት መውጣት ትችላላችሁ።

ስለዚህ ክረምቱን ሙሉ ጭቃ ለጭቃ ለሚውል ሰው ኤሌክትሪኩ ያዋጣል፤ አልፎ አልፎ ለሚያዝ የእጁ ይበቃል። በሁለቱም ግን መጀመሪያ አካፋ! ከጎማው ፊት ያለው ጭቃ ሲጠረግ የሚያስፈልገው ጉልበት ይቀንሳል። የተወጠረ ገመድ አጠገብ ደግሞ ማንም አይቁም፤ ከተበጠሰ እንደ ጅራፍ ይመታል።