ስቲቭ ስፐሪየር፤ ከኳርተርባክነት እስከ አሠልጣኝነት

በአሜሪካን ፉትቦል ሜዳ ላይ ከሚሰለፉት ዐሥራ አንድ ተጫዋቾች መካከል ኳርተርባክ የሚባለው፣ ኳሱን ከመካከለኛው ተጫዋች እጅ ተቀብሎ፣ ግዙፋን ተከላካዮች ሊጥሉት ሲንደረደሩበት፣ ለሯጭ ይስጥ ወይም አርቆ ይወርውር በጥቂት ሰኮንድ ውስጥ የሚቈርጠው ሰው ነው፤ ቡድኑ በአራት ሙከራ ዐሥር ያርድ መግፋት ካቃተው ኳሱ ለባላጋራ ስለሚተላለፍ፣ የድሉም የሽንፈቱም ሸክም አስቀድሞ የሚያርፈው በዚህ ሰው ትከሻ ላይ ነው። ይህን ማዕረግ በወጣትነታቸው ይዘው፣ በጐልማሳነታቸው ለሌሎች ወጣቶች አስተምረው፣ በሁለቱም ስማቸውን ከሊቃውንቱ ተርታ ካስጻፉት ጥቂቶች አንዱ ስቲቭ ስፐሪየር ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ስፐሪየር በ1945 ማያሚ ቢች ላይ ከአንድ የፕሬስቢቴሪያን ሰባኬ ወንጌል ተወልዶ፣ በቴነሲ ክፍለ ግዛት በጆንሰን ሲቲ ከተማ አደገ። ወደ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ከ1964 እስከ 1966 በአሠልጣኙ በሬይ ግሬቭስ ሥር ሲጫወት፣ ገና በተማሪነቱ ጐልቶ የታየው ጠባይ፣ ነገር በጠበበ ጊዜ ኀላፊነቱን ለሌላ አሳልፎ አለመስጠቱ ነበር። ኦክቶበር 29 ቀን 1966 ጌይንስቪል ላይ ከኦበርን ቡድን ጋር 27 ለ 27 እኩል ሆነው ጨዋታው ሊፈጸም ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፣ ግቡ 40 ያርድ ርቆ ስለ ነበረና ይህም ርቀት ለመደበኛው መቺ ስለሚከብድ፣ ስፐሪየር እኔው ልምታው ብሎ አሠልጣኙን አስፈቅዶ፣ ኳሱን በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል አሳለፈው፤ ፍሎሪዳም 30 ለ 27 አሸነፈች።

በዚያው ዓመት ለኮሌጅ ተጫዋች ከሚሰጠው ክብር ሁሉ የሚበልጠው የሃይዝማን ሽልማት ተሰጠው። እርሱ ግን የተቀበለውን ሐውልት ወስዶ ለዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ለዌይን ራይትዝ አስረከበ፤ ተማሪዎቹም ወጪውን ችለው አምሳያውን አሠሩለት፤ ከዚያ ወዲህ ሽልማቱን ይሰጥ የነበረው ክበብ አንዱን ለተጫዋቹ፣ አንዱን ለትምህርት ቤቱ፣ ሁለት ሁለት ሐውልት መስጠትን ሥርዐት አደረገው። የአንድ ወጣት ልግስና ለተከታዮቹ ሁሉ ደንብ ሆኖ መጽናቱ ዘወትር ያስደንቀኛል።

በ1967 የሙያ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ ሲመርጡ፣ የሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲ ናይነርስ ከመላው አገር ሦስተኛ አድርጎ መረጠው፤ ሆኖም በዚያ ጆን ብሮዲ የሚባል ስመ ጥር ኳርተርባክ ነበረና፣ ስፐሪየር በዚያ ከቈየበት ዘጠኝ ዓመት አብዛኛውን በተጠባባቂነት አሳለፈ። በ1976 ወደ አዲሱ የታምፓ ቤይ ቡካነርስ ቢዛወር፣ ያ ቡድን 14 ጊዜ ተጫውቶ 14 ጊዜ ተሸነፈ። ይህን ዘመን የባከነ ዘመን ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን የቅኔ ተማሪ ለዓመታት የሌላውን ቅኔ እየሰማና እየቈጠረ ቈይቶ ኋላ ወንበር እንደሚዘረጋ፣ ስፐሪየርም ከሜዳው ዳር ቆሞ የተከላካዮችን አሰላለፍ ሲመረምር የኖረባቸው ዓመታት ጉባኤ ቤቱ ነበሩ ብዬ አምናለሁ።

መጫወቱን ካቆመ በኋላ በረዳት አሠልጣኝነት በፍሎሪዳ፣ በጆርጂያ ቴክና በዱክ ሠርቶ፣ ከ1983 እስከ 1985 ታምፓ ቤይ ባንዲትስ የተባለውን የሙያ ቡድን በዋና አሠልጣኝነት ከመራ በኋላ፣ በ1987 ዱክ ዩኒቨርሲቲ ዋና አሠልጣኝ አድርጎ መልሶ ጠራው። ዱክ ከ1962 ወዲህ የኮንፈረንሱን፣ ማለትም የሚወዳደርበትን የቡድኖች ማኅበር፣ አክሊል ያላየ ቡድን ሳለ፣ በ1989 ከቨርጂኒያ ጋር በእኩልነት ተጋራው፤ ጐረቤቱንና የጥንት ባላጋራውን ኖርዝ ካሮላይናን በገዛ ሜዳው 41 ለ 0 በረታ ጊዜ፣ ስፐሪየር ተጫዋቾቹን ሰብስቦ ውጤቱ ከተጻፈበት ሰሌዳ በታች ፎቶግራፍ አስነሣቸው። ይህን የመሰለ ድፍረትና ባላጋራን የሚነካ አንደበቱ ብዙ ጠላት አፍርተውበታል።

በ1990 ወደ ተማረበት ቤት ተመለሰ። ፍሎሪዳ በደቡብ ምሥራቅ ኮንፈረንስ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ስትወዳደር የጸና የሻምፒዮንነት ማዕረግ አልነበራትም፤ በ1984 ያገኘችውም በደንብ መተላለፍ ተሽሮባት ነበር። በዚያ ኮንፈረንስ የከበረው ልማድ ኳሱን ለሯጭ እየሰጡ በጉልበት መግፋትና ውጤቱን በብርቱ መከላከል መጠበቅ ነበር፤ ስፐሪየር ግን ተቀባዮቹን በሜዳው ስፋት ዘርግቶ፣ ኳርተርባኩ የተከላካዮቹን አቋም አንብቦ፣ ተቀባዩ ገና ሳይደርስበት ወደ ባዶው ቦታ እንዲወረውር አስተማረ፤ የጨዋታውንም ጥሪ ለረዳቶቹ ሳይተው ራሱ ያዘው። ከ1991 እስከ 2000 ስድስት ጊዜ የኮንፈረንሱን ዋንጫ ወሰደ፤ በዐሥራ ሁለት ዓመትም 122 አሸንፎ፣ 27 ተሸንፎ፣ አንድ ጊዜ አቻ ወጣ።

ከዚህ ሁሉ መርምሬ የማልጠግበው የ1996ቱ ነገር ነው። ኳርተርባኩ ዳኒ ዌርፈል፣ እርሱም እንደ መምህሩ የሰባኪ ልጅ፣ ኖቬምበር 30 ቀን ታላሃሲ ላይ በፍሎሪዳ ስቴት ተከላካዮች እጅ ደጋግሞ ተደብድቦ ቡድኑ 24 ለ 21 ተሸነፈ። በዲሴምበር ዌርፈል የሃይዝማንን ሽልማት አገኘ፤ ራሱ የሃይዝማን ባለቤት ሆኖ ሌላ የሃይዝማን ባለቤት ያሠለጠነ ሰው ከስፐሪየር በፊት አልነበረም። ዕድል ሁለቱን ቡድኖች ጃንዋሪ 2 ቀን 1997 ኒው ኦርሊንስ ላይ ለብሔራዊው ሻምፒዮንነት ዳግም ሲያገናኛቸው፣ ስፐሪየር እምብዛም የማይወደውን አሰላለፍ አምጥቶ፣ ዌርፈልን ከመካከለኛው ተጫዋች አምስት ያርድ ያህል ወደ ኋላ አቆመው፤ ኳሱም በአየር እየተወረወረ ይደርሰው ጀመር። በዚያች ትንሽ ርቀት ያገኘው ፋታ ሜዳውን ለማየት በቃው፤ 306 ያርድ ወርውሮ፣ ሦስት ጊዜ ለታችዳውን፣ ማለትም የባላጋራን የግብ መስመር ለማሳለፍ፣ አቀብሎ፣ አራተኛውን ራሱ ሮጦ አገባ፤ ውጤቱም 52 ለ 20 ሆነ። ለዓመታት ከጸናበት ሥርዐት የልጁን ደኅንነት ማስቀደሙ፣ በእኔ ፍርድ፣ ከዋንጫው ይልቅ መምህርነቱን ይመሰክራል።

በሚቀጥለው የውድድር ዘመን፣ ያው ፍሎሪዳ ስቴት ወደ ጌይንስቪል ሲመጣ፣ ስፐሪየር ሁለት ኳርተርባኮችን፣ ዳግ ጆንሰንንና ኖዋ ብሪንዲስን በየጥሪው እያቀያየረ አሰለፈ፤ አንዱ በሜዳ ሲጫወት ሌላው ከስፐሪየር ጎን ቆሞ ቀጣዩን ትእዛዝ ከአፉ ይቀበል ነበር፤ 32 ለ 29 አሸነፉ። ኳርተርባክነት ከእርሱ እንዳልተለየ ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ አላውቅም።

በ2002 ወደ ዋሽንግተን የሙያ ቡድን ሄዶ በሁለት ዓመት 12 አሸንፎ 20 ተሸንፎ ወጣ፤ የእርሱ ጥበብ ለተማሪ ቤት እንጂ ለዚያ የተሠራ አልነበረም። ከ2005 እስከ 2015 በሳውዝ ካሮላይና ቡድኑን እስከዚያ ደርሶበት ከማያውቀው ከፍታ አወጣው፤ በ2010 የአገሪቱን አንደኛ ቡድን አላባማን 35 ለ 21 ረታ፤ ከ2011 ጀምሮም ሦስት ዓመት በተከታታይ በየዓመቱ 11 ጊዜ አሸነፈ።

በ1986 በተጫዋችነቱ፣ በ2017 ደግሞ በአሠልጣኝነቱ ወደ ኮሌጅ ፉትቦል የክብር አዳራሽ ገባ፤ ይህን ድርብ ክብር ከእርሱ በፊት ያገኙት አሞስ አሎንዞ ስታግ፣ ቦውደን ዋያትና ቦቢ ዶድ ብቻ ነበሩ። ዶድ ጆርጂያ ቴክን ለመጨረሻ ጊዜ የመራው ጃንዋሪ 2 ቀን 1967 ማያሚ ላይ ሲሆን፣ በዚያ ቀን 27 ለ 12 ያሸነፈው የፍሎሪዳ ቡድን ኳርተርባክ ስፐሪየር ነበር።