ከሄምፕ የተሠሩ የቲ ኤች ሲ ዕቃዎችና የአይሮፕላን ጉዞ

በአረካም ሆነ በወላይታ ሶዶ ባለሱቅ በመደርደሪያው ላይ የሚያኖረው የመዋቢያና የጤና መጠበቂያ ዕቃ ሁሉ በአስመጪ በኩል የመጣ አይደለም። ከውጭ አገር የሚመለስ ዘመድ ወይም ወዳጅ በሻንጣው ይዞት በቦሌ በኩል የሚገባም አለ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በአሜሪካና በአንዳንድ የአውሮፓ አገሮች ሱቆች ከሄምፕ ተክል የተሠራ ከረሜላ፣ ቸኮሌት፣ ዘይት፣ ቅባትና መጠጥ በግልጽ ይሸጣል። ዕቃው ለእንቅልፍና ለሕመም ማስታገሻ ይበጃል እየተባለም ይወደሳል። ስለዚህ መንገደኛው በደረሰኝ የገዛውን ዕቃ ወደ አገሩ ይዞ ለመግባት የሚከለክለው ያለ አይመስለውም። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም፤ በሱቅ የተሰጠ ደረሰኝ በአይሮፕላን ማረፊያ ፈቃድ አይሆንም።

በመጀመሪያ የዕቃውን ምንነት መረዳት ያሻል። ሄምፕ የሚባለው ከካናቢስ የተለየ ተክል አይደለም። ሁለቱም በዕፅዋት ሊቃውንት ዘንድ ካናቢስ ሳቲቫ ተብለው የሚታወቁ አንድ ዘር ናቸው። የሚለያዩት ቲ ኤች ሲ በተባለው አእምሮን የሚያሰክር ንጥረ ነገር መጠን ነው። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የእርሻ ሕግ፣ በደረቅ ክብደቱ ከመቶ 0.3 እጅ የማይበልጥ ዴልታ 9 ቲ ኤች ሲ ያለበትን ተክል ሄምፕ ብሎ ሰይሞ ከአደንዛዥ ዕፆች ዝርዝር አወጣው።

ቁጥሩ ሲታይ ጥቂት ይመስላል፤ በሒሳብ ሲመረመር ግን ሌላ ነው። 5 ግራም የሚመዝን አንድ ከረሜላ ከመቶ 0.3 እጅ ቢኖረው 15 ሚሊግራም ቲ ኤች ሲ ይዟል ማለት ነው፤ ይህም ያልለመደን ሰው ለማስከር ይበቃል። እንዲህ ያሉ 20 ከረሜላዎች የያዘ አንድ ዕቃ 300 ሚሊግራም ይሆናል። የአሜሪካ ምክር ቤት ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ባወጣውና እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 በተፈረመው ሕግ ለተጠቃሚ የሚሸጥ አንድ ማሸጊያ ከ0.4 ሚሊግራም በላይ እንዳይኖረው ደነገገ፤ ድንጋጌውም ከአንድ ዓመት በኋላ እንዲጸና ተወሰነ። ከላይ የተጠቀሰው የከረሜላ ማሸጊያ ከዚህ ልክ በ750 እጥፍ ይበልጣል። እንግዲህ ዕቃው በተሠራበት አገር እንኳ ዛሬ የተፈቀደው ነገ ሊከለከል እንደሚችል ከዚህ ይታያል።

መንገደኛው በአይሮፕላን ሲሳፈር ደግሞ በአንድ አገር ሕግ ብቻ አይተዳደርም። እ.ኤ.አ. በ1944 በቺካጎ የተፈረመውና ኢትዮጵያም አባል የሆነችበት የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት፣ መንገደኛና ጭነት ወደ አንድ አገር ሲገቡም፣ ሲወጡም፣ በግዛቱ ሳሉም የዚያን አገር ሕግ እንዲያከብሩ ያዛል። ስለዚህ የሚነሣበት፣ በመካከል የሚያርፍበትና የሚደርስበት አገር ሕግ እያንዳንዱ ይመለከተዋል። በአሜሪካ አይሮፕላን ማረፊያ የሚቆሙት የጥበቃ ሠራተኞች ዋና ሥራቸው ለበረራ የሚያሠጋ ነገር መፈለግ ነው። ሻንጣው በእነርሱ ዘንድ ሳይያዝ አለፈ ማለት በሚደርስበት አገር ጉምሩክ ዘንድ ተፈቀደ ማለት አይደለም።

ይህ በተለይ ለዕቃ ግዢ ወደ ሩቅ ምሥራቅና ወደ ዓረብ አገሮች ለሚመላለሱ ነጋዴዎች ጠቃሚ ነው። ሆንግ ኮንግ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ሲ ቢ ዲ የተባለውን፣ የማያሰክረውን የካናቢስ ንጥረ ነገር ሳይቀር ከአደገኛ ዕፆች ተራ አግብታዋለች። በእጁ ይዞ የተገኘ ሰው እስከ 7 ዓመት እስራትና እስከ 1 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር መቀጫ ይጠብቀዋል። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስም ቲ ኤች ሲ ያለበትን ምግብና መጠጥ ይዞ መግባት ክልክል ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1961 የተደረገውን የአደንዛዥ ዕፆች ስምምነት በ1965 አጽድቃለች። በዚህ ስምምነት ውስጥ ከመቶ 0.3 እጅ የሚለው የአሜሪካ ልክ አይገኝም። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አደንዛዥ ዕፅን መሥራት፣ ማዘዋወርና መጠቀምን ይከለክል ነበር፤ እርሱን የተካው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 525 ይኸንኑ በእስራትና በገንዘብ የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎታል። ከወንጀሉ ሌላ የንግዱም ሕግ አለ። በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ለሽያጭ የሚገባ መድኃኒት፣ የምግብ ማሟያና መዋቢያ ሁሉ በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቁጥጥር ሥር ነው። ስለሆነም እንዲህ ያለውን ዕቃ በሻንጣ አስገብቶ በሱቅ መሸጥ በሁለት በኩል ያስጠይቃል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ጉዳቱ አስቀድሞ የሚወድቅበት ሰው ነው። ዕቃውን ያዘዘው ባለሱቅ በአረካ በሱቁ ተቀምጦ ሳለ፣ በቦሌ ወይም በሌላ አገር ማረፊያ ሻንጣው የሚከፈተው፣ ጥያቄውም የሚቀርብለት «አደራ» ተብሎ የተላከው ወንድም ወይም የእኅት ልጅ ነው። ያዘዘውም ሰው ቢሆን በምርመራ ሲደረስበት ከነገሩ ነጻ ነኝ ለማለት አይቻለውም።

ለአረካ አካባቢ ላኪዎች ደግሞ ሌላ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። እንሰት ሲፋቅ የሚገኘው ቃጫ ለገመድና ለምንጣፍ ሥራ የሚውል የአገር ሀብት ነው። ናሙናውን ይዞ ወደ ውጭ የሚጓዝ ነጋዴ በእንግሊዝኛ በሚጽፈው ዝርዝር ላይ፣ ከመዝገበ ቃላት በመነሣት፣ ቃጫውን ሄምፕ ብሎ ቢሰይመው ንጹሕ ዕቃ አጠራጣሪ ይሆናል። የስሙ መደበላለቅ ከጥንት የመጣ ነው፤ የእንሰት ዘመድ የሆነው የፊሊፒንስ አባካ ተክል ቃጫ ካናቢስ ሳይሆን በገበያ «ማኒላ ሄምፕ» ሲባል ኖሯል። በዓለም አቀፉ የጉምሩክ ዕቃ አመዳደብ እውነተኛው የሄምፕ ቃጫ በቁጥር 53.02 ሲመደብ፣ አባካና በሌላ ቁጥር ያልተጠቀሱ የተክል ቃጫዎች በ53.05 ይመደባሉ። የእንሰት ቃጫም በራሱ ስም፣ «እንሰት» ተብሎ ቢጻፍ ይሻላል።

ከዚህ በላይ ከተነገረው የሚከተሉትን መፈጸም ይገባል።

አንደኛ፣ ከውጭ ዕቃ የሚያዝ ባለሱቅ በማሸጊያው ላይ ሄምፕ፣ ካናቢስ፣ ቲ ኤች ሲ፣ ሲ ቢ ዲ ወይም ዴልታ 8 የሚል ጽሑፍ ያለበት ከረሜላ፣ ዘይትና ቅባት እንዳይገዛለት ለመንገደኛው አስቀድሞ ያስታውቅ።

ሁለተኛ፣ «ቲ ኤች ሲ የለበትም» የሚል ጽሑፍ ብቻውን አይታመን፤ ከተክሉ በሚጨመቅ ዘይት ውስጥ ጥቂት ሊቀር ይችላል።

ሦስተኛ፣ በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት የሆነ እንደሆነ፣ ሕመምተኛው ከመነሣቱ በፊት ለሚያልፍባቸው አገሮችና ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ጥያቄ አቅርቦ በጽሑፍ መልስ ይቀበል።

አራተኛ፣ መንገደኛ ውስጡን ያላየውን የሌላ ሰው የታሸገ ዕቃ በሻንጣው አይቀበል።

ከአንድ ማሸጊያ ከረሜላ የሚገኘው ትርፍ ጥቂት ነው፤ በእርሱ ምክንያት የሚጠፋው ግን የዘመድ ነጻነትና የሱቅ መልካም ስም ነው። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዳሉት፣ ጥንቃቄው የሚጠቅመው ትእዛዙ ከመላኩ በፊት ነው።