ከዝናብ መጥረጊያ ሞተር የሚሠራ ሰርቮ

ሰርቮ የታዘዘበት ቦታ ድረስ ዞሮ የሚቆም፣ ከቆመበት ሲገፉትም ወደ ቦታው የሚመለስ ሞተር ነው። ተራ ሞተር መብራት ሲያገኝ ይዞራል፤ መብራት ሲቋረጥበት ይቆማል። የት እንደቆመ ግን አያውቅም። የቤት ማራገቢያ ይህን ማወቅ አያስፈልገውም፤ የመኪና የፊት ጎማ ግን ያስፈልገዋል። ጎማው «ወደ ቀኝ ዙር» ሲባል ሳይሆን «ወደ ቀኝ 12 ዲግሪ ዙርና እዚያው ቁም» ሲባል ነው መኪናው ወደሚፈለገው የሚሄደው።

ልጆች የሚሠሩት የሽቦ መኪና ነገሩን በቀላሉ ያሳያል። ከኋላ እየተራመደ የሚገፋው ልጅ ረጅም የመሪ ዘንግ በእጁ ይዟል። እጁ ጉልበት ይሰጣል፤ ያው እጅ ጎማው ስንት እንደዞረ ይሰማዋል፤ ድንጋይ ጎማውን ሲያጣምመው ወዲያው ይመልሰዋል። በሪሞት የሚነዳ መኪና ላይ ይህ ዘንግ የለም። ነጂውና ጎማው የሚገናኙት በሬዲዮ ሞገድ ብቻ ስለሆነ፣ የልጁን እጅ ተክቶ መኪናው ላይ የሚቀመጥ ነገር ያስፈልጋል። ሰርቮ ማለት ያ እጅ ነው።

የሰርቮ ጉልበት የሚለካው በኪሎ-ሴንቲሜትር ነው። 10 ኪሎ-ሴንቲሜትር የሚባል ሰርቮ፣ ከዘንጉ መሐል 1 ሴንቲሜትር ርቆ የተንጠለጠለ 10 ኪሎ ይይዛል፤ በ2 ሴንቲሜትር ርቀት 5 ኪሎ ብቻ ነው የሚይዘው። በገበያ የተለመደው ባለ ብረት ጥርስ ሰርቮ ክብደቱ 55 ግራም ያህል ሲሆን፣ ጉልበቱ ወደ 10 ኪሎ-ሴንቲሜትር ይጠጋል። ለትንሽ የሪሞት መኪና ይበቃል። የእውነተኛ መኪና አንድ አምስተኛ የሚያህሉት፣ ከ10 እስከ 15 ኪሎ የሚመዝኑትና ብዙ ጊዜ ከ23 እስከ 30 ሲሲ የቤንዚን ሞተር የሚሸከሙት ግን 20፣ 30፣ አንዳንዴም 40 ኪሎ-ሴንቲሜትር ይጠይቃሉ። ሰው ራሱ ከቱቦ ብረት በይዶ የሚሠራው 40 እና 50 ኪሎ የሚመዝን መኪና ደግሞ ከዚህም በላይ ይፈልጋል። የዚህ ዓይነቱ የፋብሪካ ሰርቮ ከውጭ በውድ የሚመጣ ዕቃ ነው። ስለዚህ ሰርቮውን በቤት መሥራት የሪሞት መኪና ወዳጅ ከሚያገኛቸው ሥራዎች ሁሉ ብዙ የሚያስተምረው ሥራ ይሆናል።

ሐሳቡ ራሱ ከሬዲዮም ከኤሌክትሮኒክስም ይቀድማል። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ዦዜፍ ፋርኮ ሰርቮ-ሞተር የሚለውን ስም የሰጠው የትልልቅ መርከቦችን መሪ በእንፋሎት ለሚያዞር መሣሪያ ሲሆን፣ ስለዚሁ የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1873 ወጥቷል። የመርከብ ነጂው ትንሽ ጎማ በእጁ ያዞራል፤ እንፋሎቱ ከባዱን መሪ እዚያው መጠን ድረስ ያዞርና ራሱን ይዘጋል። በአማራ ክልል ለሚገኘው ለአዊ ዞን የሚቀርቡት ትልልቅ ሰርቮዎች ደግሞ በኃይል ማመንጫዎች ውስጥ ናቸው። ከጣና ሐይቅ ውሃ ወስዶ ወደ በለስ ወንዝ የሚለቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የተመረቀው የጣና በለስ ማመንጫ አራት ተርባይኖች አሉት፤ አቅሙም 460 ሜጋ ዋት ነው። በጉባ የሚገኘው፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 13 ተርባይኖችን ይዟል። በእያንዳንዱ ተርባይን ዙሪያ ውሃውን የሚከፍቱና የሚዘጉ ክንፎች አሉ። እነሱን የሚያንቀሳቅሰው በዘይት ግፊት የሚሠራ መሣሪያ ስሙ እዚያም ሰርቮሞተር ነው፤ የአገሪቱ መብራት ከ50 ኸርዝ እንዳይርቅ ክንፎቹን በታዘዘው ልክ ይከፍታል፣ ይዘጋል። መጠኑ ከሪሞት መኪናው እጅግ ይራራቃል፤ አሠራሩ ግን አንድ ነው፤ ትእዛዝ ይመጣል፣ ያለበት ቦታ ይለካል፣ ልዩነቱ ይሰላል፣ ልዩነቱ እስኪጠፋ ይገፋል።

የአዊ ዞን ከተሞች እንጅባራና ዳንግላ አዲስ አበባን ከባሕር ዳር በሚያገናኘው መንገድ ላይ ናቸው፤ ወደ ቻግኒ የሚወስደው መንገድም ከእንጅባራ ይገነጠላል። የከባድ መኪና መንገድ ባለበት ሁሉ ጋራዥ አለ፤ ጋራዥ ባለበት ደግሞ ከአሮጌ መኪና የወረደ የዝናብ መጥረጊያ ሞተር አይጠፋም። ለቤት ሠራሽ ሰርቮ ከዚህ የተሻለ መነሻ ማግኘት ይከብዳል። ሞተሩ በ12 ቮልት ይሠራል፤ ጥርሶቹ አብረውት ታሽገው ይመጣሉ፤ ሲታፈን ብዙዎቹ 200 ኪሎ-ሴንቲሜትርና ከዚያም በላይ ይገፋሉ። በዝቅተኛው ፍጥነት በደቂቃ 45 ዙር ያህል ይዞራል፤ ይህም በሰከንድ 270 ዲግሪ ነው። የመኪና መሪ ከዳር እስከ ዳር 60 ዲግሪ ቢፈልግ፣ ሸክም የሌለበት ሞተር ያንን በ0.22 ሰከንድ ይጨርሳል። ፈጣን ከሚባሉት የፋብሪካ ሰርቮዎች ይዘገያል፤ ለከባድ መኪና ግን አያንስም። ትልቁ ጉድለቱ ክብደቱ ነው፤ አንድ ኪሎና ከዚያ በላይ ይመዝናል። ከ15 ኪሎ በታች የሆነ መኪና ላይ ይህ ክብደት ጎልቶ ይታያል።

ክዳኑ ሲፈታ በጠቆረ ግራሶ የተሞላ ጎድጓዳ ቤት ይታያል። ከሞተሩ የሚመጣው ቀጭን ዘንግ ጫፉ እንደ ብሎን ተጠማዝዞ የተቀረጸ ነው፤ እሱ ሲሽከረከር አንድ ሰፊ ጥርስ በዝግታ ያዞራል። ሰፊው ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ ፕላስቲክ ነው። በላዩ ላይ ወይም በክዳኑ ውስጥ የመዳብ ቀለበት ይገኛል፤ ቀለበቱ አንድ ቦታ ላይ የተቆረጠ ሲሆን፣ ትናንሽ የመዳብ ምላሶች ይነኩታል። ሹፌሩ መጥረጊያውን ሲያጠፋ መጥረጊያው መስታወቱ መሐል ቀጥ ብሎ የማይቆመው፣ ወርዶ ከታች የሚተኛው በዚህ ቀለበት ምክንያት ነው። ሞተሩ «ማረፊያዬ ደርሻለሁ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው በእሱ ነው ማለት ይቻላል። የመጥረጊያ ሞተር አንዲት ቦታ ብቻ የሚያውቅ ግማሽ ሰርቮ ሆኖ ነው ከፋብሪካ የሚወጣው፤ የሚቀረው ሥራ ሁሉንም ቦታ እንዲያውቅ ማድረግ ነው።

ከመዳብ ቀለበቱ የሚወጣው ሽቦ ለሰርቮው አያገለግልም፤ ይተዋል። ሞተሩ ሦስት ካርቦን አለው። ሁለቱ ትይዩ የተቀመጡ ሲሆኑ ዝቅተኛውን ፍጥነት ይሰጣሉ፤ ሦስተኛው ወደ ጎን ዘወር ብሎ የተቀመጠ ሲሆን ለከፍተኛው ፍጥነት ነው። ሰርቮ ወደ ቀኝም ወደ ግራም እኩል መዞር ስላለበት ሁለቱ ትይዩ ካርቦኖች ብቻ ይያዛሉ። ጀማሪን የሚያሳስተው ግን ሌላ ነገር ነው። በብዙ የመጥረጊያ ሞተሮች ነጌቲቩ ካርቦን በቀጥታ ከሞተሩ ቆርቆሮ ጋር የተያያዘ ነው። መኪና ላይ ሞተሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚዞር ይህ አይጎዳም። ሰርቮ ላይ ግን ፖዘቲቭና ነጌቲቭ በየቅጽበቱ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ቆርቆሮው የመኪናውን ብረት ከነካ ባትሪው በቀጥታ ይያያዝና አንድ ነገር ይቃጠላል። መፍትሔው ሞተሩን ከፍቶ ያንን ካርቦን ከቆርቆሮው መነጠልና የራሱን ሽቦ በስታኞ አስይዞ ማውጣት ነው። ሲዘጋ በቴስተር ይለካል፤ በቆርቆሮውና በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ምንም መገናኘት መኖር የለበትም።

ቦታን የሚነግረው ዕቃ ፖቴንሽዮሜትር ይባላል። ብዙ ሰው በሌላ ስሙ ያውቀዋል፤ የአሮጌ ሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያ ራሱ ነው። ሦስት እግር አለው። በሁለቱ ዳር እግሮች 5 ቮልት ሲሰጠው፣ የመሐሉ እግር ዘንጉ በዞረበት ልክ ከዜሮ እስከ 5 ቮልት ያወጣል። ለሰርቮ የሚመረጠው 5 ወይም 10 ኪሎ ኦም የሆነ፣ መለኪያው ቀጥተኛ የሆነው ነው። የድምፅ መጨመሪያዎች ብዙ ጊዜ ከጆሮ ጋር እንዲስማሙ መጀመሪያ ቀስ ብለው በኋላ ፈጥነው የሚያድጉ ስለሆኑ፣ መሐሉ ላይ ሲቆም ግማሹን ቮልት የማይሰጥ ከሆነ አይሆንም።

ፖቴንሽዮሜትሩ የሚገጠመው በሞተሩ ፈጣን ዘንግ ላይ ሳይሆን መሪውን በሚገፋው በመጨረሻው ዘንግ ላይ ነው። በጥርሶቹ መካከል ሁልጊዜ ትንሽ ልቅነት አለ፤ ከልቅነቱ በፊት ያለ መለኪያ የጎማውን እውነተኛ ቦታ አይናገርም። ሁለቱን ዘንጎች ፍጹም በአንድ መስመር ላይ ማዋል አስቸጋሪ ስለሆነ፣ በመካከላቸው አጭር የጎማ ቱቦ ይገባል። ቱቦው ጥቂት ጠመም ማለትን ይችላል፤ የፖቴንሽዮሜትሩንም ቀጭን አንገት ከመሰበር ያድናል። መያዣው ከወፍራም ላሜራ ተቆርጦ በትራፓኖ ይበሳል። እዚህ ላይ መጣደፍ አይገባም፤ መያዣው ከተነቃነቀ መለኪያው ውሸት ይናገራል፤ ውሸት ሲነገረው ሰርቮው በሙሉ ጉልበቱ ወደተሳሳተ ቦታ ይሄዳል።

ከሬዲዮ መቀበያው የሚመጣው ትእዛዝ የምት ርዝመት ነው። በየ20 ሚሊ ሰከንዱ አንድ ምት ይደርሳል፤ ምቱ 1.5 ሚሊ ሰከንድ ከቆየ «መሐል»፣ 1 ከሆነ «አንዱ ዳር»፣ 2 ከሆነ «ሌላው ዳር» ማለት ነው። ይህን ከፖቴንሽዮሜትሩ ቮልት ጋር የሚያነጻጽር አንጎል በሁለት መንገድ ይገኛል። አንደኛው ሞተሩ የተቃጠለ ትንሽ ሰርቮ ከፍቶ ሰሌዳውን መውሰድ፣ የራሱን ፖቴንሽዮሜትር በትልቁ መተካትና ወደ ትንሹ ሞተር ይሄድ የነበረውን ትእዛዝ ወደ ኃይለኛ ማዞሪያ ሰሌዳ መምራት ነው። ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ሰሌዳው ለ55 ግራም ሰርቮ የተቃኘ ስለሆነ ትልቁን ሞተር ማንቀጥቀጡ አይቀርም። ሁለተኛው አርዱዪኖ የሚባለው፣ በፕሮግራም የሚታዘዝ ትንሽ ሰሌዳ ነው። እሱ ከዜሮ እስከ 5 ያለውን ቮልት በ1,024 ደረጃ ከፍሎ ያነባል፤ 300 ዲግሪ የሚዞር ፖቴንሽዮሜትር ላይ እያንዳንዱ ደረጃ ከሲሶ ዲግሪ በታች ነው። ለመሪ ይህ ከበቂ በላይ ነው። አርዱዪኖው ራሱ ሞተሩን መንዳት ስለማይችል በመካከል አራት ማብሪያ ማጥፊያ እንደያዘ ድልድይ ያለ ሰሌዳ ይገባል፤ ቢቲኤስ 7960 በሚባሉ ቺፖች የተሠራው በስፋት የሚገኝ ነው።

አንጎሉን መቃኘት ከሥራው ሁሉ ጣፋጩ ክፍል ነው። መኪናው ላይ ሳይገጠም ሞተሩ በሞርሳ ይታሰራል፤ ዘንጉ ላይ ክንድ ይገባል፤ ከክንዱ ሥር ዲግሪ የተሰመረበት ካርቶን ይለጠፋል። ፕሮግራሙ ልዩነቱን በአንድ ቁጥር ያባዛና የወጣውን ውጤት ለሞተሩ ጉልበት አድርጎ ይሰጣል። ቁጥሩ ትንሽ ሲሆን ክንዱ ሊደርስ ሁለት ሦስት ዲግሪ ሲቀረው ደክሞ ይቆማል። ቁጥሩ ሲጨምር ቀርቦ ይቆማል። አሁንም ሲጨምር ከቦታው ያልፋል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ያልፋል፤ ክንዱ እየተንቀጠቀጠ ሞርሳውን ያንኳኳል። በየዓመቱ ጥር 23 የፈረሰኞች በዓል በሚከበርበት በአዊ ምድር ይህን የማያውቅ ፈረሰኛ የለም፤ ልጓምን በኃይል የሚስብ ጋላቢ ፈረሱን ቀጥ አያደርገውም፣ ግራና ቀኝ ያወዛውዘዋል እንጂ። ጥሩ ጋላቢ ፈረሱ መታጠፍ እንደጀመረ ሳይደርስ ልጓሙን ያላላል። ፕሮግራሙም ይህንኑ እንዲያደርግ ሁለተኛ ቁጥር ይጨመርለታል፤ ክንዱ በፈጠነ መጠን ጉልበቱን ይቀንሳል። በመጨረሻም ልዩነቱ ከግማሽ ዲግሪ ሲያንስ ሞተሩ ጭራሽ እንዲያርፍ ይታዘዛል፤ አለበለዚያ ቆሞ ሳለ እየጮኸ ባትሪ ይበላል።

እንደ ብሎን የተቀረጸው ጥርስ አንድ ልዩ ጠባይ አለው። ሞተሩ ዘንጉን ያዞራል፤ ዘንጉ ግን ሞተሩን መልሶ ማዞር አይችልም። ስለዚህ ሰርቮው ቦታውን የሚይዘው ያለ ምንም መብራት ነው። ይህ ታላቅ ጥቅም ነው፤ ጉዳቱ የሚታየው ጎማው በፍጥነት ድንጋይ ሲመታ ነው። ምቱ ሞተሩን ወደ ኋላ አሽከርክሮ ማለፍ ስለማይችል የፕላስቲኩን ጥርስ ይሰብራል። ለዚህ በሰርቮው ክንድና በመሪው ዘንግ መካከል ጠንካራ ሞላ ይገባል። በተለመደው መንገድ ሞላው አይጨመቅም፤ ድንጋዩ ሲመታ ብቻ እጅ ይሰጥና ምቱን ይውጣል። 200 ኪሎ-ሴንቲሜትር በ4 ሴንቲሜትር ክንድ ላይ 50 ኪሎ ግፊት ነው፤ ሞላው ከዚህ በጣም ያነሰ፣ ጎማውን ለማዞር ከሚያስፈልገው ደግሞ ትንሽ ከፍ ያለ ሊሆን ይገባል።

ይኸው ጉልበት ሁለት ጥንቃቄ ያስገድዳል። የፖቴንሽዮሜትሩ ሽቦ ቢበጠስ ሰርቮው ጭራሽ አልተንቀሳቀስኩም ብሎ ያስባል፤ መሪውን እስኪሰብር ይገፋል። ስለዚህ በሁለቱ ዳር ክንዱ ሲነካቸው መብራቱን የሚቆርጡ ትናንሽ ማብሪያዎች ይቀመጣሉ፤ ጎን ለጎን የሚገባ ዳዮድ ወደ መሐል የመመለሻውን መንገድ ክፍት ያደርጋል። ሁለተኛው ጥንቃቄ የሬዲዮው ምት ሲጠፋ ነው፤ ፕሮግራሙ ምት ካጣ መሪውን ወደ መሐል መልሶ የመኪናውን ዋና ሞተር ማጥፋት አለበት። 40 ኪሎ የሚመዝን ብረት ያለ ነጂ ሰው መሐል መግባት የለበትም፤ የጣት ነገርም እንዲሁ ነው፣ ባትሪው ሳይነቀል ክንዱ አጠገብ እጅ አይገባም።

የታፈነ የመጥረጊያ ሞተር 20 አምፔር ሊስብ ይችላል። ሽቦው ለቤት ሶኬት የሚዘረጋው ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ዓይነት ይሁን፤ ከባትሪው አጠገብ ባለ 15 አምፔር የመኪና ፊውዝ ይግባ። ሬዲዮ መቀበያው 5 ወይም 6 ቮልት ብቻ ስለሚችል የራሱ መቀነሻ ያስፈልገዋል፤ ነጌቲቮቹ ግን ሁሉም አንድ ላይ ይታሰራሉ። በካርቦኖቹ መካከል ትንሽ ካፓሲተር ካልተበየደ ብልጭታቸው ሬዲዮውን ይረብሻል፤ ትእዛዙም ይቆራረጣል።

ከፍታም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። እንጅባራ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ይሳሳል። የቤንዚን ሞተር ያላቸው መኪኖች በዚያው ልክ ይደክማሉ። የኤሌክትሪክ ሞተር ጉልበቱ አይቀንስም፤ ሙቀቱን የሚወስድለት አየር ግን ያንሳል። የማዞሪያ ሰሌዳው ማቀዝቀዣ ብረት በሳጥን ውስጥ ታፍኖ መቀመጥ የለበትም። በክረምት ጭቃ ለሚነዳ መኪና ደግሞ የሞተሩ መተንፈሻ ቀዳዳ ወደ ታች እንዲያይ ተደርጎ ይገጠማል፤ ክዳኑ አዲስ ግራሶ ተሞልቶ በሲሊኮን ይዘጋል፤ ፖቴንሽዮሜትሩ ለብቻው በትንሽ ቆርቆሮ ይሸፈናል። ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጉዞዎች በኋላ ክዳኑ አንድ ጊዜ ተከፍቶ የፕላስቲኩ ጥርስ ይታያል፤ ግራሶው ውስጥ ነጭ ፍርፋሪ ካለ ሞላው ጠንክሯል ማለት ነው፣ ይላላል።